የባህር ጠላቂዋ አማላጅ

ከቦሌ እስከ ጎሮ ባለው የታክሲ መንገድ በወሬ የሚረታኝ ተሳፋሪ ገና አልተወለደም። ትናንት ግን አንዲት ወጣት አጠገቧ ለተቀመጡ የማታውቃቸው እናት በስልኳ ቪዲዮ ስታሳይ ሁለቱ አፌን አስያዙኝ።

«ይሄ ዓሳ ነው? ላባ ያለው ይመስላል!»

«አንበሳ ዓሳ ይባላል፣ እማማ። ከሌላ ባህር መጥቶ የቤይሩትን ዓሦች እየጨረሰ ነው። እሾሁ መርዝ አለው።»

«በስመ አብ! ማነው የቀረጸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጠልቄ።»

«ትንፋሽሽስ?»

«አየሩን በጀርባዬ አዝላለሁ።»

«አቤት ጀግንነት! አባትሽ ምን አሉ?»

«እስካሁን ሰው ቤት የምሠራ ይመስላቸዋል። ዛሬ ላሳያቸው ነው። ‹ሁለተኛ ቤይሩት አትመለሺም› እንዳይሉኝ ፈርቻለሁ።»

«መርዝ ያልፈራሽ አባትሽን? እኔ ሽማግሌ ሆኜ እለምንልሻለሁ። ወራጅ አለ!»

ጎሮ ሊወርዱ የነበሩት እናት ገርጂ ላይ አብረዋት ወረዱ።

እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝም ፊቴን ሻወር ስር ማስገባት ስለምፈራ እስካሁን የምታጠበው በጆግ ነው።