ከጠመንጃ ጋር የመጡ አያቶች

ሙላቱ ወልድያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ፣ አሮጌ ጠመንጃ ሲያይ ግን ልቡ የሚሸፍት ሰው ነው። ሰናድሩን፣ ምንሽሩን፣ አልቤኑን ከየገጠሩ እየሰበሰበ የሳሎኑን ግድግዳ ሞልቶታል። የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራ ደርሶት በደገሰ ዕለት፣ ጠላው አንዴ እንደዞረ ተነሣና በቅርቡ ግድግዳው ላይ የሰቀላትን ውጅግራ ጠመንጃ ለማኅበርተኛው አሳየ።

"የአያቴ ናት" አለ። አያቱ በእሷ ብቻቸውን መቶ ጠላት እንደመለሱ፣ ሰደፏንም የጠላት ጎራዴ እንደሰነጠቀው ተረከ። ተጨበጨበለት።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከበሩ አጠገብ ከሲሪንቃ የመጡትን ወይዘሮ ዓለሚቱን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውጅግራዋን አምና "ዝገቷን አስለቅቄ፣ ዘይት አስቀብቼ እመልስልዎታለሁ" ብሎ የወሰዳት ከእሳቸው ቤት ነው። በእንግድነት ይዛቸው የመጣችው የማኅበሩ አባል ፀሐይ የእሳቸው ጎረቤት መሆኗን እንዴት ረሳ!

ወይዘሮ ዓለሚቱ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ለፀሐይ ብቻ የሚያወሩ መስለው፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጨዋታ ጀመሩ።

"ጠላው እንዴት ጥሩ ነው እቴ! ጌሾው ልክ... የኛ ማሽላም ደህና ነው፣ ዝንጀሮው አላስቀምጥ አለን እንጂ። አባቴ በነበሩ ጊዜማ ውጅግራቸውን ከሩቅ ሲያያት ገደል ይገባ ነበር። መቶም ይሞላ ነበር እኮ... ጠላት ጠላት ነው፣ ጅራት ኖረውም አልኖረውም። ኋላ ያቺ ውጅግራ ዘይት ልትቀባ ከቤት ወጣች። ዘይቱ ከየት አገር እንደሚመጣ እንጃ... ይኸው ዓመት ሆናት።"

አንዱ ማኅበርተኛ ጠላው ትን አለው። ሙላቱ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ማን ስሙን ጠራው? መልስ ከሰጠ "ሰውዬው እኔ ነኝ" ማለቱ ነው። ማሰሮውን አንሥቶ በሞላ ዋንጫ ላይ ጠላ ቀዳ።

"አንድ ሰው አውቃለሁ ፀሐይዬ... ሲበዛ ዘመድ ወዳድ! ፈጣሪ ለእኔና ለአንቺ ሁለት ሁለት አያት ሰጥቶ አበቃ። ለእሱ ግን ጠመንጃ ባገኘ ቁጥር አንድ ይጨምርለታል። ሰናድር ሲያገኝ አንድ አያት፣ ምንሽር ሲያገኝ ሌላ አያት... ጥይት ቢያጣ አያት አያጣም! ድሮ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነበር። አሁን ዘመድ ከግድግዳው ሆነ... መታደል አይደለም ትያለሽ?

"ሰደፍ ሲሰነጠቅስ አይተሻል? የኛዋን የሰነጠቅኋት እኔ ነኝ። ዘነዘናው ጠፍቶ በርበሬ ስወቅጥባት! እናቴ በጥጃ ቆዳ ሰፋቻት። ለካ እኔ ጎራዴ ኖሬያለሁ... ሳላውቀው አረጀሁ።"

የማኅበሩ ሙሴ አቶ ወንድሙ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ ውጅግራዋ ሄደው ሰደፏን፣ የተሰፋውንም ቆዳ ጠጋ ብለው ሲመረምሩ... አነጠሱ። ደገሙ። "ይማርዎ!" አለ ቤቱ ሁሉ፣ ሳቁን እየዋጠ።

"አትሳቂ ፀሐይዬ! እኔስ ደስ ብሎኛል። አባቴ ለሰው አያት ከሆኑ እኔ አክስት ሆንኩ ማለት አይደል? ታዲያ እንዲህ ያለ ዘመድ ኖሮኝ ለፋሲካ እንኳ ደጄን የሚረግጥ ልጣ? ጅብ እንኳ በማያውቁት አገር ሄዶ 'ቁርበት አንጥፉልኝ' አለ እንጂ፣ 'ቁርበቱ የአያቴ ነው' አላለም..."

ሙላቱ ከዚህ በላይ አልቻለም። ወንበር ላይ ወጥቶ ውጅግራዋን ከግድግዳው አወረደ። ወንበሩ ላይ እንደቆመ እውነተኛ አያቱን ለማስታወስ ሞከረ። ስማቸው እንጂ ሌላ ነገራቸው አልመጣለትም፤ ስለ እሳቸው ለማንም አንዲት ቃል አውርቶ አያውቅም። ወርዶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ውጅግራዋን ከወይዘሮ ዓለሚቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠ።

እሳቸው የተሰፋውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ድምፃቸው ግን ማር ሆኖ ቀጠለ፤ አሁንም ወደ ፀሐይ ነው።

"ዘይቷን ተቀብታ መጣች፣ እሰይ! ያን ዘመድ ወዳድ ሰው ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ልጆቹን ያሳድግለት፣ የልጅ ልጅ ያሳየው። የልጅ ልጆቹም... የገዛ አያታቸው አሳፍሯቸው፣ የሰው አያት ፍለጋ በየግድግዳው እንዳይንከራተቱ መድኃኔ ዓለም ይጠብቃቸው!"

"አሜን!" አለ ማኅበርተኛው በአንድ አፍ። ሙላቱም፣ ምረቃ ነውና፣ አብሮ አሜን አለ።