ሲዘምሩ የተለካ ልብስ

ልብስ ሰፊው አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰፈራችን የኅብረ ዝማሬ ቡድን መሪም ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ሁሉም እሱ የሰፋውን ጥቁር ኮት እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣል። ያልቆለፈ ከአዳራሹ በር ይመለሳል።

አንድ ቀን የተተኮሱ ኮቶች ተሸክመን ስንሄድ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልን። የጎረቤታችን ልጅ ነርሷ እዚያው ቆማ አገኘናት። ቡድኑን የተቀላቀለችው በቅርቡ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ነው።

«ጋሼ፣ እትዬ ዳቦ ቅዳሜ አልዘምርም ብለዋል» አለችው።

እትዬ ዳቦ የምንላቸው ዳቦ ጋጋሪዋን ነው፤ ያለ እሳቸው ድምፅ ዝማሬያችን ባዶ ነው። እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ኮሌታው ጠባሳቸውን እየተጫነ ያንቃቸዋል። ባለፈው ዝግጅት ኮሌታቸውን ከፍተው ቢመጡ አባቴ መለሳቸው።

«ታዲያ ደንብ ላፍርስ? ዛሬ ኮሌታ ከከፈታችሁ ነገ በፒጃማ ልትዘምሩ ነው!»

«በፒጃማ ከሆነማ አዳራሹ ጢም ይላል።»

«አትቀልጂ!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ እኔ መጀመሪያ ሰው ፊት የዘመርኩት ክርኑ በተጣፈ ሸሚዝ ነው። ሰዉ ድምፄን ትቶ ክርኔን ያይ ነበር። ኮቱን ያመጣሁት ማንም እንደዚያ እንዳይታይ ነው።»

ይህን ለእኔ ለልጁ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም።

ነርሷ ቀስ ብላ መለሰች፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅሁም። ግን እትዬን ከበር ሲመልሷቸው፣ ሰው ሁሉ አንገታቸውን አላየም?»

አባቴ የተሸከመውን ኮት ኮሌታ አየት አደረገ። እሷም ቀጠለች፤

«ለመሆኑ እኛን ሲለኩን ምን እናደርግ ነበር?»

«ምን ታደርጋላችሁ? ጸጥ ብላችሁ መቆም ነዋ።»

«እስቲ ልጅዎን ስትዘምር ይለኳት።»

እየሳቀ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ደረቴ ላይ ጠመጠመና «በይ ዘምሪ» አለኝ። አየር ስቤ ስጀምር ሜትሩ ከጣቶቹ መሃል ተንሸራቶ ረዘመ። ሳቁን አቆመ።

«አይ እኔ! ዝምታችሁን ነዋ የሰፋሁት!»

ዝናቡ እንዳባራ በቀጥታ ዳቦ ቤት ሄድን።

«እትዬ፣ ኮሌታውን ልቆርጠው ነው፤ ቅዳሜ እንዳይቀሩ።»

«አንገቴን ሳይቆርጡት ኮሌታውን በመቁረጥዎ ደግ አደረጉ» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ጥቁሩ ቀለም ብቻ ደንብ ሆኖ ቀጠለ፤ አሰፋፉን ግን ለየሰዉ ተወለት። ጨርቅ የሌለው ሰው ቢመጣ አባቴ በር ዘግቶ፣ ማንም ሳያይ ይሰፋለት ነበር። ኮት ማሰፊያ አጥተው፣ አፍረው የራቁን ጽዳት ሠራተኞችና ሾፌሮች መጡ፤ መተንፈስ አቅቷቸው የተዉ አዛውንቶችም ተመለሱ። ትንፋሻችን ረዘመ፤ ድምፃችንም ሞላ። ደንብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰውን ከሥራው የሚያግደው ከሆነ መስተካከል ያለበት ደንቡ ነው። አባቴ ይህን በስተርጅና ተምሮ አላፈረበትም።

በቀብሩ ዕለት ልብስ ልቀይር ብሎ የዘገየ የለም፤ ሁሉም ከሥራው በቀጥታ መጣ። እትዬ ዳቦ ዝማሬውን አወጡ፤ እኛ ተቀበልን። ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና ማን ምን እንደ ለበሰ አላየሁም። ዝማሬው ሲያበቃ እትዬ መጥተው አቀፉኝ፤ ቀና ስል ጥቁር ልብሴ በዱቄት ነጭ ሆኗል። አላራገፍኩትም።