ያጠፋሁት አስተያየት

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተክለሃይማኖት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን አቁማችሁ ለመሰናበቻዬ ይህን ሁሉ ስላዘጋጃችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኬኩ ላይ «እትዬ አጸደ እንወድዎታለን» ብላችሁ ጽፋችኋል። ደስ ይላል። ግን ለምን እንደምትወዱኝ አልጻፋችሁም! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደንበኛ አስተያየት ሳነብ የኖርኩ ሴት በእንዲህ ያለው የምታለል ይመስላችኋል?

ሳቁ፣ ሳቁ። የሚቀጥለው አያስቅም።

አዲስ የገባችሁ ልጆች የፊት ጥርሶቼ ለምን ሰው ሠራሽ እንደሆኑ ስትጠይቁኝ «አርጅቼ ነው» እላችሁ ነበር። ዋሽቻለሁ። ዛሬ እውነቱን ልንገራችሁ።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ሰው በስልኩ የቤት ዕቃ ያዝዛል፣ እናደርሳለን፣ እሱም ስለ ዕቃው ይጽፋል። እኔ አነባለሁ። ደህናውን እለጥፋለሁ፤ ስድብ ያለበትን አጠፋለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በታመቀ እንፋሎት ቶሎ የሚያበስል ፕሬዠር ድስት መሸጥ ጀመርን። የሚያመጣልን ዱባለ የሚባል አስመጪ ነበር። በሁለት ሳምንት ሠላሳ ምናምን አስተያየት መጣ። «አሪፍ ነው።» «ቀለሙ ያምራል።» «ቶሎ ደረሰልኝ።» ሁሉም አምስት ኮከብ። ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍቱ የጻፉ ነበሩ። በመሃል አንዲት ሴት «ሌቦች! ነፍሰ ገዳዮች! እናንተን ነበር መቀቀል!» ብላ ላከች።

ስድብ ነው። አጠፋሁት። ሻዬን ጠጣሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ስልክ ተደወለ። አልፊያ የምትባል ደንበኛችን፣ እዚሁ ዘነበወርቅ ሰፈር የምትኖር መምህርት፣ ድስቱ ፊቷ ላይ ፈንድቶባታል። ሆስፒታል ሄድኩ። ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀኝ እጇን ለማየት አቅም አጣሁ።

«ክዳኑ ኮርኒሱን በስቶ እዚያው ቀረ» አለችኝ። «የፈላው ሽንብራ እንደ ጥይት ነበር የሚመታኝ። እጄ ላይ የተጣበቀውን ስነቅል ቆዳዬ አብሮ መጣ።»

«ከመግዛቴ በፊት አስተያየቱን በሙሉ አንብቤ ነበር እኮ፤ አንድም ሰው ክፉ አልጻፈም» አለች።

ያን ጊዜ ያጠፋሁት ስድብ ትዝ አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ የዚያችን ተሳዳቢ ስልክ ከትዕዛዟ ላይ ፈለግሁ። ወርቄ ትባላለች። ምን ደርሶባት እንደሆነ ጠየቅኳት። የድስቱ ክዳን ተስፈንጥሮ ትከሻዋን ሰብሯታል!

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ ለምን አልጻፍሽም?» አልኳት።

«ተናድጄ ነበራ! ደግሞስ ማን ያነበዋል?»

«እኔ አንብቤው ነበር።»

«አንብበውስ ምን አደረጉ?»

ስልኩን ዘግቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በማግስቱ አልፊያ ዘንድ ተመልሼ «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍ» አልኳት። ያስጻፈችኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ባለ ስድስት ሊትሩን ድስት ገዝቼ አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቼበታለሁ። ቶሎ ያበስላል፤ ይህ እውነት ነው። ከዘጠነኛው ጊዜ ጀምሮ የክዳኑ ጎማ ወደ አንድ ወገን ሸሸ። በአሥራ አንደኛው፣ እንፋሎቱ ወጥቷል የሚለው አረንጓዴ መብራት በርቶ ሳለ ክዳኑን ስነካው ፈነዳ። ከግማሽ በላይ አልሞላሁትም። ይህ ድስት ያላችሁ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጎማውን እዩ። እኔ ተቃጥያለሁ።»

«አልተናደድሽም እንዴ?» አልኳት።

«ከልቤ ተናድጃለሁ፣ እትዬ። ግን ንዴቴን ስነግራቸው ጎማውን ሳልነግራቸው ብቀርስ?»

ለጠፍኩት። አቶ ተክለሃይማኖት ይቅር ይበሉኝና፣ የዚያን ዕለት «ለጊዜው ያንሱት» ብለውኝ ነበር። «አላነሳም» አልኩ። ተቆጥተው ወጡ።

በነጋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱባለ ሁለት ጠብደሎች አስከትሎ በሩን በርግዶ ገባ።

«ያቺ ጽሑፍ አሁኑኑ ትጥፋ!»

«ውሸት ከሆነ መልስህን ከሥሯ ጻፍ፤ እለጥፍልሃለሁ» አልኩት።

መልሱ ቡጢ ነበር። ሁለት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ። ወለሉ ላይ ስዘረር አንደኛው ጎኔን በጫማው ረገጠኝ፤ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ሌላው ኮምፒውተሩን አንስቶ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ባልደረባችን ጌድዮን ጠረጴዛ ሥር ገባ። አትፈር ልጄ፣ እዚያ ሆነህ ፖሊስ የጠራኸው አንተ ነህ!

ዱባለ ፀጉሬን ይዞ ሲጎትተኝ እጄ መደርደሪያው ላይ የነበረ ድስት አገኘ። ባለ ስድስት ሊትሩ። ባለኝ ኃይል ጉልበቱን አልኩት። ቋ! እንደ በሬ ጮኸ። የጌታ ልጅ ነኝ፣ ተጸጽቻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ገና እየጸለይኩበት ነው።

ጠብደሎቹ ሊጨርሱኝ ሲመጡ አቶ ተክለሃይማኖት ሮጠው መሃላችን ገቡ። በተሰበረ የወንበር እግር ግንባራቸውን ፈለጧቸው። ደሙ ሸሚዛቸውን እያራሰው «አይጠፋም! ብትገሉኝም አይጠፋም!» ሲሉ የሰማሁት በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው። አቶ ተክለሃይማኖት፣ ጽሑፉን ባነሳው ኖሮ ግንባርዎ ላይ ያ ስፌት ባልኖረ ነበር። ግን አሁንም አላነሳውም።

ፖሊስ ደረሰ። ዱባለ ተፈረደበት። እኔ አልጋ ላይ ሳለሁ አርባ ሦስት ድስት ተመለሰ፤ በአሥራ ዘጠኙ ጎማው ሸሽቶ ነበር። አንዲት እናት ድስቱን ጥዳ ስልኳን ስትነካካ የአልፊያን ጽሑፍ አይታ ነቅላዋለች። ሁለት ሕፃናት አጠገቧ ቁጭ ብለው ነበር። አልፊያ ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ ተመልሳለች፤ ሰሌዳው ላይ በግራ እጇ ትጽፋለች። ወርቄን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ወዲያው አልማረችኝም፤ እውነት አላት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዕቃ ስትገዙ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ጻፉ። ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችሁበት፣ ምን እንደበጀ፣ ምን እንደከፋ ንገሩ። «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ አትለፉ። እኔን የምትተኩ ደግሞ፣ የሚሳደብ ስታገኙ ከማጥፋታችሁ በፊት ደውሉለት። «ምን ደረሰብህ?» በሉት። ምናልባት ሲጮህ ደም እየፈሰሰው ይሆናል።

ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ማሩኝ። እግዚአብሔር ከድንገተኛ አደጋ ይሰውራችሁ። ከክፉ ሰው ዱላ ያስጥላችሁ፤ ዱላ በመጣ ቀንም የሚቆምላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ልጆቻችሁ በጤና ይደጉ። የማያውቃችሁ ሰው ቃላችሁን አምኖ በገዛው ዕቃ ልጆቹን አብልቶ፣ ገላው ሳይነካ፣ ስማችሁን ሳያውቅ በሰላም ይደር።

አሜን በሉ።