ሁለት ሜትር ከአሥሩ ወልዴ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክብርት የወጣት ማዕከላችን ኃላፊ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ውድ ባልደረቦቼ፤

ጡረታ ለሚወጣ አንድ ጥበቃ ይህን ያህል ሕዝብ ሲሰበሰብ መርሳ ከተማችን አይታ አታውቅም። ለምሳው፣ ለጋቢው፣ ለማይክራፎኑም አመሰግናለሁ። ማይክራፎኑን ያስያዘኝ ሰው ግን ቆይቶ ይጸጸታል።

እስቲ ይህን ወረቀት ተመልከቱት። ሁለት ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ፣ የማነበውም እኔ። የማታ ትምህርት አስተማሪዬ እየሩሳሌም አሥራ ዘጠኝ ስህተት አገኘችበት። ሁለቱን እንዳታርምብኝ ለመንኳት፤ የእጄ መታወቂያ ይሁኑ ብዬ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በር ላይ ደብዳቤ ስታሳዩኝ “መነጽሬን ረሳሁት፣ እስቲ አንብብልኝ” ስል ያነበባችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ስለ ሥራዬ ብዙ አልናገርም። በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ፤ በሩም ይኸው አለ። የማወራው ስለ ወልዴ ነው።

እንግዶች ስላላችሁ ላስረዳ። ወልዴ ሰው አይደለም። በጌም ክፍላችን ማሽን ላይ፣ በቅርጫት ኳስ ጨዋታው ውስጥ የፈጠርነው ተጫዋች ነው። አንድ ልጅ ትፈጥርና ከሰፈር ሜዳ አንስተህ እስከ ትልቁ ሊግ ታደርሰዋለህ። አሰልጣኝ ይቆጣዋል፣ ጋዜጠኛ ይጠይቀዋል፣ ተመልካች ይጮህለታል። በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ስለሚሆን እኛ ሠራተኞች ተመካከርን። ማሽኑ አንድ፣ እኛ አራት። ታዲያ የእኛ የሐብሩ ወረዳ ሰው ምን ያደርጋል? እንደ እርሻው በየተራ ወንፈል ገባን። ጨዋታው አራት ሩብ አለው። የመጀመሪያው የስፖርት ባለሙያው የዓለምነህ፣ ሁለተኛው የወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሦስተኛው የንብረት ክፍሉ የኡበይደላ፣ የመጨረሻው የእኔ ሆነ። ለእርሻ ወንፈል ያምራል። ልጅ ለማሳደግ ግን እንጃ፤ ወልዴ በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ጠባዩ ይለወጥ ነበር።

የተወለደው በቃለ ጉባኤ ነው። ስሙ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ቁመቱ ላይ ስንደርስ ዓለምነህ ኳስ አከፋፋይ ስለሆነ አጠር፣ ፈጠን ያለ ይሁን አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ “ቁመት በነጻ ከሆነ ለምን እናሳጥረዋለን?” አሉ። ከኃላፊ ጋር ማን ይከራከራል? ሁለት ሜትር ከአሥር ሆነ። ኳሷን ሊያነጥር ጎንበስ እስኪል ድረስ ተጋጣሚው ወስዶ፣ አግብቶ፣ ተመልሶ ይጠብቀዋል።

ዓለምነህ በሩቡ ከሩቅ ብቻ ይወረውራል። ሳይንሱን ያውቃል፤ ቅርጫቱ የት እንዳለ ግን አልነገሩትም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኳስ በእጃቸው በገባ ቁጥር ለሌላ ያስተላልፋሉ፤ ከቢሮ የለመዱት ነው። ልጁ እንዲፈጥን የተጠራቀመውን ነጥብም ጫማና ጸጉር ገዙበት። በሊጉ ቀርፋፋው ወልዴ፣ ባለ ምርጥ ጫማው ወልዴ። ልጁን ሰው ያደረገው ኡበይደላ ብቻ ነበር። ዝም ብሎ ይከላከላል፣ ዝም ብሎ ያገባል፣ ዝም ብሎ ለእኔ ያስረክባል።

እኔስ? እኔማ ማሸነፊያዋን የማገባው ነኝ፤ ማን ይክዳል? ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኛው ሲመጣ መልስ የምሰጠውም እኔ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መልስ ይደረደራል። እኔ ሁልጊዜ የላይኛውን እጫናለሁ። በዚህ አመራረጤ ወልዴ አሰልጣኙን ዘልፏል፣ ጓደኞቹን አትረቡም ብሏል፣ ባሸነፈበት ቀን ቡድኑን ልልቀቅ ብሏል። ዓለምነህ “ጋሼ ደሞዜ፣ ምን ብለው መለሱለት?” ሲለኝ፣ “የሚገባውን” እለው ነበር።

ጨዋታው ራሱስ? ሠላሳ ነጥብ አግብተህ አሰልጣኙ ወንበር ላይ ያስቀምጥሃል። ባዶ ቅርጫት ሥር ቆመህ እጅህን ስታነሳ፣ ጓደኛ ተብዬው ኳሱን ለተቃራኒ ያስረክባል። ሊታለፍ የማይችል ረጅም ወሬ ያወሩብሃል፤ ወሬው ሊያልቅ ሲል ማብራት ይጠፋል፤ ማብራቱ ሲመጣ ወሬው ከመጀመሪያው። ደግነቱንም ልመስክር። በሰፈር ሜዳ የጀመረው ልጅህ ስሙ በትልቅ አዳራሽ ሲጠራ ስትሰማ ስድሳ ዓመትህን ትረሳለህ። ደግሞም የለፋህበትን አይረሳብህም፤ ትናንት የተለማመድከው ዛሬ ይቆጠርልሃል። እንዲህ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ወደ እኔ አይዩ፤ በጥቅሉ ነው የተናገርኩት።

አሁን ወደ አምና ኅዳር ልመልሳችሁ። ዓርብ ቀን ነበር። ኡበይደላ ተራውን ጨርሶ ወደ ጁምዓ ሄደ፤ የእኔን ሩብ ለኋላ አቆይተን ለምሳ ወጣን። ከምሳ ስንመለስ ወልዴ የለም። ሁለት ዓመት ያሳደግነው ልጅ ከማሽኑ ጠፍቷል። መጨረሻ የነካው ማን ነው? ኡበይደላ። “እኔ ስነሳ ነበር” አለ፤ ያመነው የለም። ሁላችሁም አኮረፋችሁት፣ የቀለድኩበት ግን እኔ ነኝ። “መስጊድ የሄድከው ልታስቀብረው ነው?” አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡበይደላ ጌም ክፍሉን አልረገጠም። አሥራ አንድ ወር ምሳውን በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን በላ።

ያን ዓርብ እሱ ወደ ጁምዓ እንደወጣ እዚያ ክፍል የገባሁት እኔ ነበርኩ።

ቅጣት ምት ልለማመድ ነው የገባሁት። እናንተ ፊት አንዴ ለማግባት ተደብቄ መቶ ጊዜ እስት ነበር። ማሽኑ አንድ ጽሑፍ አወጣና ጠየቀኝ። የላይኛውን ተጫንኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ የላይኛውን ተጫንኩ። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ተጨንቆ ነበር። ከዚያ ወልዴ አልነበረም።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” ብል፣ “ጽሑፉ ምን ይል ነበር?” ትሉኛላችሁ። ማንበብ አልችልም ከማለት የሰው ስም ማጥፋትን መረጥኩ። በዚህች ላይ ቀልድ የለኝም።

በቀጣዩ ሰኞ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። የእኛን ፊደል እንደ ጨረስኩ እየሩሳሌምን የእንግሊዝኛውንም ጨምሪልኝ አልኳት። ምን ያደርግልዎታል ብትለኝ፣ ከአንድ ማሽን ጋር ጉዳይ አለኝ አልኳት።

ትናንት ዕቃ ክፍሉ ሄጄ ለኡበይደላ ሁሉንም ነገርኩት። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። የንብረት መዝገቡን ከደነ። ከዚያ፣ “ጋሼ ደሞዜ፣ ሲስቁብኝ ሰው ነበር። ሲክሱኝም ሰው ይኑር” አለኝ።

ይኸው ሰው አለ። ወልዴን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኡበይደላ የተናገረው እውነት ነበር። የሳቃችሁ ሁሉ፣ የእኔን ያህል ባይሆንም፣ ድርሻችሁን ውሰዱ።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ልጅ ፈጥሬያለሁ። ቁመቱን የሰው ቁመት አደረግሁት፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስሙን በገዛ ጣቴ፣ ፊደል በፊደል እየፈለግሁ፣ ኡበይደላ ብዬ ጻፍኩት። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ማሽኑ ይሁን ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩና ነው የተጫንኩት። እኔ ነገ ግራና ወደሚባለው ቀዬዬ፣ ወደ ማሳዬ እሄዳለሁ። የእኔን ሩብ ለማን እንደምትሰጡ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የመጀመሪያው ሩብ ግን የኡበይደላ ነው። የማሽኑ ጆይስቲክ ለእሱ ይኸው በጋቢዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የሐብሩን ዝናብ በወቅቱ ያውርድላችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ያብቃላችሁ። የሚያምናችሁ ሰው አያሳጣችሁ፤ ስታጠፉም የምትናገሩበት አንደበት ይስጣችሁ። ጡረታችሁ በጤና፣ በሰው መሃል ይሁን። አሜን በሉ። ኡበይደላ ግን አሜን ከማለቱ በፊት እጁን ይዘርጋልኝ።