የአንድ ዓመት አርብቶ አደር

ግቢ ዘቢባ፣ በር ላይ አትቁሚ፣ አቧራው ገደለሽ እኮ! ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ነፋስ ነው? ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ይኸው ቀይ አፈር ለብሷል። ይሄ አስፋልት ዘንድሮ ይደርሳል፣ ዘንድሮ ይደርሳል እያሉ እኛን አቧራ ያስበሉናል። ክሩን እዚያ አስቀምጪልኝ። አረንጓዴውንም አመጣሽ? ተባረኪ። የሁለተኛ ደረጃ መግቢያው የፎርም ዋን ደብዳቤ ከወጣ ወዲህ ሞያሌ በሙሉ ዩኒፎርም እያሰፋች ነው፣ ክር አልበረክት አለኝ። እግሬማ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ውሎ ማታ የኔ አይመስለኝም።

እትዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ! ቆመው ምን ሊሆኑ ነው? አግዳሚው ንጹሕ ነው፣ አሁን ነው የጠረግኩት። የልጅዎ ጉርድ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው፤ ወገቡን ትናንት አስፍቼ ሽንሽኑን ተኩሼዋለሁ። እስከዚያ የእኔንና የዘቢባን ወሬ ይስሙ። ለወሬ የለው ፍሬ ይባላል፣ ግን ጊዜ ያሳልፋል።

ምን እያልኩሽ ነበር ዘቢባ? አዎ... ስለ አንዲት ሴት ልነግርሽ ነበር። አታውቂያትም። ብታውቂያትም እንዳላወቅሽ ሁኚ። እኔ መቼም ልጅ መውደድ እንደሷ አላየሁም! እኛ ምን እናት ነን? ወልደን፣ አጥበን፣ ደብተር ገዝተን፣ «በርቺ» ብሎ መላክ ነው የምናውቀው። እሷ ግን ለልጇ ስትል አርብቶ አደር ሆነች። አትሳቂ! እውነቴን ነው። ከሱቋ በር እስከ መኪናዋ ድረስ ጃንጥላ የምትይዝ ሴት፣ የከብት ሽታ ሲመጣ አፍንጫዋን በሻሽ የምትሸፍን ሴት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የገጠር ሰው ሆና ተገኘች። እንዲህ ያለ መስዋዕትነት የት ታይቶ ያውቃል?

ነገሩ እንዴት መሰለሽ። ናሽናል የሚባሉት ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሲመርጡ ለየቦታው ድርሻ ድርሻ ይሰጣሉ አይደል? ልጅቷ ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ የተማረችው እዚሁ ከተማ፣ የግል አካዳሚ ነው። አውቶቡስ ከበር ወስዶ በር ይመልሳታል። ጎበዝ ናት፣ በሐሰት አላማትም። ግን ከግል ትምህርት ቤት የሚወዳደረው ብዙ ነው፣ ቦታው ጥቂት። የገጠሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው፤ ከትምህርት ስትመለስ ውኃ የምትቀዳ፣ ጥጃ የምታስር ልጅም ትማር ተብሎ የተተወ ነው። እናትየው ይህን የሰማች ዕለት ምን አለች መሰለሽ? «ለካ ድህነትም ጥቅም አለው!» ... ብላ ይሆናል። እኔ አፏ ውስጥ አልነበርኩም።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሳይዘጋ ልጅቷን በቦሪ መንገድ ላይ ወዳለችው ትንሿ የገጠር ትምህርት ቤት አዛወረቻት። በሕግ ነው፣ ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ማን ምን ይላል? ነዋሪ ናት እንዲባል አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። ምን የመሰለ ቁልፍ ገዝታ ቆለፈችው! ዓመቱን ሙሉ ቤቱ የተከፈተው ሁለት ጊዜ ነው ይላሉ፤ አንዴ ስትከራይ፣ አንዴ ስትለቅ። ልጅቷ ጠዋት በቦዳቦዳ ሞተር ከከተማ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በቦዳቦዳ ትመለሳለች። እና ፍየሏ... ውይ፣ ፍየሏን ልረሳት! አንዲት ፍየል ገዝታ በሩ ላይ አሰረች። የከብት ሰው ያለ ከብት አይሆንማ። የሚያጠጣት ማን ነበር? የጎረቤት ልጆች ናቸዋ! ባለቤቷማ ፍየሏ ጥቁር ትሁን ነጭ ብትጠየቅ መልሱን ከሰው ነበር የምትቀዳው። አየሽ እንግዲህ፣ ፈተናው ለልጅቷ ብቻ አልነበረም።

ምነው እትዬ፣ ሳል ያዘዎት? አቧራው ነው። ዘቢባ፣ ከዚያ ጀሪካን ውኃ ቅጂላቸው እስቲ። ኧረ ይቀመጡ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ! ከተጣደፍኩ ጠርዙ ይጣመምብኛል፣ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ጠማማ ነገር እንድትለብስ አልፈልግም።

እና ዘቢባ... እዚያች ትምህርት ቤት የኔም ልጅ አልነበረች? ቱሪን ታውቂያታለሽ። ባሌ ጃልደሳ እዚያ ከብቱ ጋ፣ እኔ እዚህ መኪናዬ ጋ፣ ልጄ ከአባቷ እናት ጋር ሆና ከአንደኛ ክፍል ጀምራ እዚያው ተማረች። ሰባት ዓመት ሙሉ አንደኛ! መምህራኑ «ከዚህ ትምህርት ቤት ናሽናል የምትገባ የመጀመሪያዋ ልጅ አንቺ ነሽ» ይሏት ነበር። እኔም አመንኩ። ስደት መጥቼ፣ በካምፕ ኖሬ፣ እዚህ አገር ወረቀት እስካገኝ ስንት ዓመት በር ስጠብቅ ኖሬ፣ ልጄን የሚጠብቃት በር አለ ሲሉኝ ለምን አላምን?

በስምንተኛ ክፍል መጀመሪያ ያቺ አዲሷ ልጅ መጣች። እንግሊዝኛዋ ልቅም ያለ ነው፣ ሒሳቡን ትጫወትበታለች። ስዋሂሊው ግን አልገፋ አላት። አካዳሚው በእንግሊዝኛ አሳድጓት ኢንሻ ጻፊ ስትባል ሦስት መስመር ላይ ትቆማለች። የኔዋ ደግሞ ኢንሻ የሚባል ድርሰት ነፍሷ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የስዋሂሊ ምሳሌዎች የምታጠራቅምበት ደብተር ነበራት፤ ከሬዲዮ የሰማችውን፣ ከመምህሯ የያዘችውን፣ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተጽፎ ያየችውን ሳይቀር። አንድ ቅዳሜ እዚሁ መጥታ «እማ፣ አዲሷ ልጅ ደብተሬን አውሺኝ አለችኝ፣ ልስጣት?» አለችኝ። አባቷም ነበር። ጃልደሳን ታውቂው የለ? «ኬሱማ ናት» አለ። እንግዳ ናት፣ ለእንግዳ ወተት ይከለከላል እንዴ፣ ደብተር ምንድነው? እኔስ ምን አልኩ? «ስጫት ልጄ፣ አብረሽም አስጠኛት፣ አንቺን የሚበልጥ የለም።» ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሴት ነኝ እኮ! በዚህ አፌ ነው ስጫት ያልኩት፣ ዘቢባ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጅቷማ ምን አጠፋች? ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አብረው አጠኑ። ከምሳ ዕቃዋም ለቱሪ ታካፍላታለች። ደግነቷ በማን እንደወጣ እንጃ... በአባቷ ይሆናላ።

ከዚያ ኖቬምበር መጣ፣ ተፈተኑ። ውጤቱ በስልክ ሲመጣ ጃልደሳ ከኮረብታ ላይ ኔትወርክ ፈልጎ ነው የደወለልኝ። ቱሪ ሦስት መቶ ስድሳ ስምንት። እዚሁ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እልል አልኩ፣ አንቺም ሰምተሽኛል። ያቺ ልጅ ደግሞ ሦስት መቶ ሰባ አንድ። ስዋሂሊ ላይ እኩል ናቸው ቢሉኝ... አላለቀስኩም፣ ሳቅኩ። ለዚያች ትምህርት ቤት ልጆች የደረሳቸው የናሽናል ቦታ አንድ ነው። አንድ! በሦስት ማርክ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት ይሄን ነው።

እኔ ሞኟ ደግሞ ፈተናው እንዳለቀ የዚያን ትምህርት ቤት አረንጓዴ ጨርቅ ገዝቼ፣ በቱሪ ልክ ቆርጬ፣ ሸንሽኜ ሰቅዬ ነበር። ሰው የራሱን ልጅ ልብስ ቀድሞ መቁረጥ የለበትም፣ አሁን ነው የገባኝ። ግን ጨርቁ አልባከነም፣ አትዘኝ፤ ለሌላ ሰው ልጅ ሆነ። ወገቡን ሁለት ጣት ማስፋት ብቻ ነበር የፈለገው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉናል አይደል? ውሸታቸውን ነው! ወገቡን ሁለት ጣት ካሰፉት ምን የመሰለ ያደምቃል።

እትዬ፣ ጃንጥላዎ ወደቀ። ግድ የለም፣ ዘቢባ ታነሳዋለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም አፌን ይዤ ዝም ባልኩ። ፈተና ነው፣ በለጠች፣ ወሰደች። ግን ይቺ የወላድ መካን ያላደረጋት እናት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ናይሮቢ ያለው ወንድሟ ለልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጎላታል። የግል፣ የዋና ገንዳ ያለው። ልጅቷ ሰኞ እዚያ ትገባለች፣ ተወስኗል፣ ራሷ ናት በየሱቁ ያወራችው። «ታዲያ የናሽናሉን ለቀቅሽው ወይ?» ብለው ቢጠይቋት ምን አለች? «ለምን እለቃለሁ? ናይሮቢ ካልተስማማት መመለሻዋ ነው።» አየሽ ብልጠት! ሾፌር ሁለተኛ ጎማ ከመኪናው ሥር አስሮ እንደሚሄደው። ከሁለት ያጣ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከሁለት ያገኘ ግን አንዱን ቢለቅ ምኑ ይጎድልበታል? አንቺ ንገሪኝ እስቲ ዘቢባ፣ አንድ ልጅ ስንት ወንበር ላይ ትቀመጣለች?

ለዚያ ቦታ ተጠባባቂዋ ቱሪ ናት። ናሽናሉ ጋ ደውዬ ጠይቄያለሁ። እናትየው «ትተነዋል» የምትል አንዲት መስመር ከጻፈች ልጄ ሰኞ ትገባለች። ዓርብ ዝርዝሩ ይዘጋል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ከተዘጋ የኔዋ እዚሁ ቀርታ የምትማርበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ እንኳ የለው፤ ሐኪም እሆናለሁ የምትል ልጅ ማይክሮስኮፕን በሥዕል እያየች አራት ዓመት ትጨርሳለች። ልለምናት ብዬም አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ ሱቋ በር ሄጄ ተመለስኩ። እንዲህ ያለች አዋቂ ሴት ይሄ ሳይገባት ቀርቶ ነው ብዬ መንገር... ስድብ አይሆንም? ገብቷታል። በደንብ ገብቷታል።

በሉ እትዬ፣ አለቀ! ይኸው፣ ይዩት፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። አረንጓዴው ይሄ የናሽናሉ፣ ሰማያዊው ያ የናይሮቢው። ሁለቱንም በአንድ ፌስታል ላድርግልዎ? እንዳይደባለቁብዎ ብዬ ነው። ... ወይስ አረንጓዴውን እዚሁ ይተዉት? ችግር የለም፣ ሁለት ጣት ማጥበብ ለኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ልኩን በቃሌ የማውቀው ልጅ አለች። ወረቀትና እስክሪብቶም እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለኝ፣ ምናልባት የሚጽፉት ነገር ካለ...

...

ሁለቱንም?

እሺ። ሁለቱንም። እንዳሉ እትዬ፣ የርስዎ ነው። ዘቢባ፣ መንገድ ልቀቂላቸው። ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የምታጠቁሪው? እንግዳ በፈገግታ ነው የሚሸኘው።

ቆይ እትዬ፣ ሳልመርቅዎማ አይወጡም! ዩኒፎርም ሰፍቼ ያለ ምርቃት የሸኘሁት ሰው የለም። ልጅዎ በሰላም ትግባ። እግዜር ዕውቀቱን ይግለጽላት፣ ክፉ አይንካት፣ ተምራ ትልቅ ሰው ትሁን። ሆዷ እንደ ሆድዎ አይደለምና... ምን አልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ምርቃት ላይ አፌ ይቸኩላል። ትልቅ ሰው ሆና፣ አንድ ቀን በስሟ ተይዞ ባዶውን የከረመው ወንበር የማን እንደነበረ ስትሰማ፣ ያን ዕለት ማታ የእናቷን እንቅልፍ ይስጣት። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ! ለልጅዎ እኮ ነው።