ኮረብታው ላይ ያለቁት ቀስተኞች

ና ወንድምዬ፣ ተቀመጥ። ወንበሩ ትንሽ ይንገዳገዳል እንጂ ደህና ነው። መስኮቱን ልክፈትልህ? የታችኛው ቤት የልብስ ስፌት መኪና ካልረበሸህ እከፍተዋለሁ። ነፋስ ሲገባ ደስ ይላል መቼም… እንቅልፍስ እንዴት ነበር? አዲስ ሥራ ሲጀመር መቼ እንቅልፍ አለ! እኔ እዚህ ቤት ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ መጫወት ነው። ትስቃለህ? እውነቴን እኮ ነው። እናንተ የድሮ ዘመን ጦርነት የኮምፒውተር ጌም ትሠራላችሁ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ እየተጫወትኩ ስህተቱን እለቅማለሁ። ሳገኝ እጽፋለሁ። የሚሰማኝ ከተገኘ ደግሞ… ይታረማል።

አንተ የጌሙን መሬት ነው የምትሠራው አይደል? ኮረብታውን፣ ሸለቆውን፣ ረግረጉን። ካንተ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረችው እህታችንም ሥራዋ ይኸው ነበር። እጇን ብታየው! ኮረብታ ስትሠራ ተነስተህ ውጣ ውጣ ያሰኝሃል። አሁን የለችም። ለምን ሄደች? እሱን ተወው… እኔ ሐሜት አልወድም።

ይልቅ ስለ አንድ ጎበዝ ሰው ላጫውትህ። እዚህ ቤት የውጊያውን ሕግ የሚጽፍ አንድ ሰው አለ። ቀስት ከኮረብታ ላይ ሲለቀቅ ስንት እርምጃ ይሄዳል፣ ፈረሰኛ ዳገት ሲወጣ ምን ያህል ይደክማል፣ ሽቅብ የሚዋጋ ጦር ስንት ሰው ያጣል… ይሄን ሁሉ በቁጥር የሚደነግገው እሱ ነው። ጭንቅላቱማ! ለብቻው ወንበር ይገባዋል። ማን ነው እሱ? ኧረ ስም ምን ያደርግልሃል… ቀስ በል፣ ወደዚያ አትዙር! ያ ማዳመጫ የደፋው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ አይሰማንም። ገመዱ አልተሰካም እንጂ… ሥራ ላይ ነው። ስለሱ መቼ አወራሁ?

መቼም ሥራህ ነውና ታውቀዋለህ፤ መሬቱ መጀመሪያ የሚመጣው ግራጫ ሥዕል ሆኖ ነው። ነጣ ያለው ከፍታ፣ ጠቆር ያለው ዝቅታ። ይሄን በር ላይ ያለው ዘበኛችን እንኳ ያውቃል፤ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያ ጎበዝ ሰው ግን… ሊቅ አይደል? ሊቅ እንደ እኔና አንተ ሊያነብ ነው? በሱ ሕግ ጥቁሩ ከፍታ፣ ነጩ ዝቅታ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ኮረብታው ያው ኮረብታ ነው፣ ያምራል። ውጊያው ሲሰላ ግን ሁሉም ተገልብጧል። ፈረሰኛው ዳገቱን ሽው ብሎ ይወጣና ቁልቁለቱ ላይ ምላሱን ያወጣል! ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቱ የገባ እግረኛ አናት ላይ የቆመውን ቀስተኛ እንደ ቅጠል ያረግፈዋል።

እኔ አላዋቂዋ ስህተት መሰለኝና ጻፍኩ። «ከታች ያለው ጦር ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ይታይልኝ» ብዬ። ሊቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስህተት አይደለም፣ ታክቲክ ነው። የጥንት የጦር አዛዦች ዝቅ ያለ ቦታ ይወዱ ነበር። ታሪክ አንብቢ።» እኔም ታዛዥ ነኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ አነበብኩ። ዝቅ ያለ ቦታ የሚወድ አዛዥ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም… በአካል ግን አላጣሁም። ወረቀቴም መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ጌሙን ገበያ ላይ የሚያወጡልን ሰዎች ሊያዩት መጡ። ክፍሉ ጢም ብሏል። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጌም ነክተው የማያውቁ ትልቅ ሴት፣ ማውሱን ያዙና ቀስተኞቻቸውን በሙሉ ኮረብታው አናት ላይ ደረደሩ። ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ ማለቴ ነው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ከረግረጉ የወጡት እግረኞች አንድ ሳያስቀሩ ጨረሱላቸው። ሴትዮዋ ዞረው «ምነው፣ ልጆቼ ምን ሆኑ?» አሉ። ያ ጎበዝ ሰው ብድግ አለና፣ ድምፁ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ፣ «መሬቱ ተሳስቶ ነው የተሠራው» አላቸው። ድፍረቱን አየህልኝ? እዚያ በሌለች ሴት ፊት እንዲህ አፍ አውጥቶ መናገር ቀላል ይመስልሃል? አዎ፣ እህታችን አልነበረችም። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው እሳቸውን እያስታመመች ነበር። ስትመለስ ዕቃዋ በካርቶን ታስሮ ጠበቃት።

እዚህ ላይ አልቀልድም። እኔም አፌን ይዤ ቆሜ ነበር። ካርቶኑን ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሚገርመውን ልንገርህ? እሷ በሄደች በሳምንቱ ኮረብታው በራሱ ዳነ! ቀስተኛው መምታት፣ ፈረሰኛው ዳገት ላይ ማለክለክ ጀመረ። መሬቱን የነካ ሰው የለም፤ ይሄ ወንበር ባዶ ነበር እኮ። ታዲያ ማን አዳነው? መልአክ ነው እንዳልል፣ ኮምፒውተሩ ማን ምን እንደለወጠ በቀንና በሰዓት መዝግቦ ይይዛል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ከውጊያው ሕግ ውስጥ ከፍታውን ዝቅታ ያደረገች አንዲት የመቀነስ ምልክት ተነሣች። ትሕትናውን አየህ? መልካም ሥራውን ለማንም ሳይነግር! ሥራ አስኪያጇ ግን ደረሱበትና ከሰኞ ጀምሮ የክፍል ኃላፊ አደረጉት፤ «ስህተቱን ፈልጎ አገኘ» ተብሎ። ይገባዋል። የት እንዳስቀመጠው እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ይቺ ወረቀት? ሪፖርቴ ናት። እህታችን «ጉዳዬ እንደገና ይታይልኝ» ብላ አመልክታለች፤ ሥራ አስኪያጇ ዛሬ ከምሳ በፊት ይወስናሉ። አንተ አትደንግጥ፣ ሁለት መሬት ሠሪ እንፈልጋለን ብለዋል። እየው፣ ሁሉንም ሞልቻለሁ፤ «የስህተቱ ምክንያት» የሚለው ብቻ ባዶ ነው። ለምን መሰለህ? የሰው ክብር እወዳለሁ። አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ፣ ያን የሥራ አስኪያጇን በር አንኳኩቶ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ቢል… እኔ ምን ቆርጦኝ እጽፋለሁ? ሰባት እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ዳገትም የለውም።

ቆይ… ማዳመጫውን አወለቀ። ስለሱ አይደለም የማወራው አልኩህ እኮ! ዝም ብለህ እየው። ተነሣ… ወደ በሩ ሄደ… ቆመ… እጁን አነሣ…

ከበሩ አጠገብ ውሃ ቀድቶ ተመለሰ። ጠምቶት ነው ለካ። ይጠጣ፣ ይጠጣ፤ ሥራ ያደርቃል።

በል እስክሪብቶህን አውሰኝ። አንድ መስመር ናት። ቀኑ… ሰዓቱ… የቀየረው ሰው ስም… ይኸው ፈረምኩ። አሁን እኔ ሰባቱን እርምጃ እሄዳለሁ፤ የዚያን ቀን መሄድ የነበረብኝን።

ቂም ግን አልይዝም፣ ተመስገን። እንዲያውም ልመርቀው፤ አንተም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አሜን በልልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። የጀመረው ይቃናለት። ደግሞ አንድ ቀን እሱ በሌለበት ስሙ ሲነሣ፣ ልክ እንደራሱ ያለ ደግ ሰው ብድግ ብሎ ይናገርለት።