አባቴን የጠራው መልእክት

ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ጅግጅጋ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሕክምና ተራዬን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸላችሁ። ማንበብ ስለማልችል ለጎረቤቴ ለሀምዲ ሰጠኋት። ክሊኒኩ ለበሽተኛ መልእክት የሚልክበትን ፕሮግራም የምትሠራው እሷ ናት። «አቶ ወልዴ ታደሰ፣ ነገ ጠዋት ለዓይንዎ ሕክምና ይምጡ» ብላ አነበበችልኝ። እኔ ታደሰ ወልዴ ነኝ። ስሜ ሲገለበጥ የተጠራው አባቴ ነው፤ ዓይኑ እንደጠፋ የሞተው አባቴ። በቀብሪበያ መንገድ፣ በአቧራው ውስጥ፣ በትሩን እያስቀደመ ሲመጣ ያየሁት መሰለኝ።

«ወላሂ አባባ፣ ይኼ ነገር ሰው ጎዳ! ከአውበሬ ድረስ የመጡትን እንኳ ክሊኒኩ በር ላይ ስማችሁ ከመታወቂያችሁ አይገጥምም ብለው መለሷቸው» አለች ኮምፒውተሯን እየከፈተች። «ስሞቹን ከመልእክቱ ኋላ ደርድረን ነበር የምንጽፈው፤ መልእክቱ ውስጥ ለስም ወደተተወው ክፍት ቦታ ሲገቡ የልጅና የአባት ስም ተለዋወጠ። አሁን ፕሮግራሙ ውስጥ ሕግ አስገባለሁ። እያንዳንዱ ስም እዚያው ቦታው ላይ ይጻፋል፤ እንደ ድሮው የሚጽፍ ካለ ማሽኑ በቀይ ያሰምርበታል።»

«እኔንስ ነገ ይመልሱኛል?»

«ኧረ አይመልሱዎትም! አሁኑኑ አስተካክዬ እልከዋለሁ።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ እጇን ያዝኳት። «ቆይ ልጄ፤ ያንን አንዴ ድገሚልኝ።»

ገባት መሰለኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አቶ ወልዴ ታደሰ፣ ነገ ጠዋት ለዓይንዎ ሕክምና ይምጡ» አለች።

«አቤት» አልኩ በአባቴ ፈንታ። ከዚያ እጇን ለቀቅኳት።